ሪስሊንግ፦ የቀዝቃዛ አገር ወይን ጠባይና የዘር ሐረግ

ሪስሊንግ የሚባለው የጀርመን ነጭ የወይን ዝርያ ስም የተለጠፈባቸውን ሁለት ጠርሙሶች ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚቀምስ ሰው፣ ሁለቱም ከአንድ ዝርያ ፍሬ የተጠመቁ ናቸው ቢባል ለማመን ይቸገራል። አንደኛው ከሞዘል ወንዝ ዳርቻ የመጣ፣ የአልኮል መጠኑ 8 በመቶ ብቻ የሆነና እንደ በሰለ ኮክ የሚጣፍጥ ሊሆን ይችላል፤ ሌላው ፋልትስ ከተባለው የጀርመን አካባቢ የመጣ፣ አልኮሉ 13 በመቶ የደረሰና ስኳር ጭራሽ ያልነካው የሚመስል ደረቅ ወይን ጠጅ ሊሆን ይችላል። ልዩነታቸው ይህን ያህል ቢሰፋም የማይለያዩበት አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ከተዋጡ በኋላ በምላስ ጠርዝ ላይ የሚቀር፣ ምራቅ የሚያስመነጭና አፍን የሚያጥብ ንጹሕ ጉምዛዜ ይተዋሉ። ሪስሊንግን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው መነሻ ማድረግ ያለበት ይህን ጉምዛዜ ነው ብዬ አምናለሁ። ስኳሩ ጠማቂው በጓዳው የሚወስነው ጉዳይ ነው፤ ጉምዛዜው ግን ተክሉ በተፈጥሮው ይዞት የተወለደውና ቀዝቃዛው አገር ጠብቆ ያቆየለት ሀብት ነው።

በአማርኛ ወይን የሚለው ቃል ሐረጉንም፣ ፍሬውንም፣ መጠጡንም ይጠራል። ግራ እንዳያጋባ በዚህ ማብራሪያ ተክሉን ሐረግ ወይም ዝርያ፣ የሚለቀመውን ፍሬ፣ የሚጠጣውን ወይን ጠጅ እያልሁ እለያቸዋለሁ። ስሙን ብዙ ሰው «ሪዝሊንግ» እያለ ቢጠራውም ጀርመኖች በ«ስ» ስለሚያሰሙት እኔም እንደ ባለቤቶቹ ሪስሊንግ እላለሁ። ዓመታቱም ወራቱም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሪስሊንግ ፍሬ ለዓይን የሚማርክ አይደለም። ዘለላው ትንሽ ነው፤ ፍሬዎቹ ደቃቅና ክብ ሆነው እርስ በርሳቸው ተጣብቀው የታጨቁ ናቸው። ቀለማቸው ወደ ቢጫ የሚያደላ አረንጓዴ ሲሆን፣ በደንብ ሲበስሉ ፀሐይ በምታገኛቸው በኩል ወርቃማ ቡናማ እየሆኑ ይሄዳሉ፤ ቆዳቸውም ላይ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ይታያሉ። ከፍራፍሬ መሸጫ የሚገዛውን ትልልቅና ሥጋማ ወይን የለመደ ሰው ይህን ፍሬ ቢያየው ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ነገር ግን የዚህ ዝርያ ጠባይ ያለው ከመልኩ ይልቅ በጊዜ አጠቃቀሙ ላይ ነው። በጸደይ ከብዙ ዝርያዎች ዘግይቶ ስለሚያቆጠቁጥ፣ በጀርመን አንዳንዴ እስከ ግንቦት አጋማሽ የሚዘልቀው የሌሊት ውርጭ እንቡጦቹን የማግኘት ዕድሉ አነስተኛ ነው። እንጨቱ ጠንካራ በመሆኑ ሌሎች ሐረጎችን የሚያደርቅ የክረምት ብርድ ይችላል። ፍሬውም ለመብሰል አይቸኩልም፤ ሌሎች ነጭ ዝርያዎች በመስከረም ተለቅመው ሲያልቁ፣ ሪስሊንግ ብዙውን ጊዜ ጥቅምትን ጠብቆ፣ አንዳንዴም ኅዳር ውስጥ ገብቶ ይለቀማል።

መዘግየቱ ለምን ዋጋ እንዳለው ለመረዳት በፍሬው ውስጥ የሚካሄደውን ማየት ያስፈልጋል። ማንኛውም የወይን ፍሬ በሚበስልበት ጊዜ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ፤ ቅጠሉ በፀሐይ ብርሃን የሚሠራው ስኳር ወደ ፍሬው እየገባ ሲጨምር፣ በፍሬው ውስጥ የነበረው አሲድ ደግሞ እየቀነሰ ይሄዳል። አሲዱ የሚቀንስበት አንዱ ምክንያት ፍሬው ራሱ ለመተንፈስ ስለሚያቃጥለው ነው፤ ሙቀቱ በጨመረ ቁጥር የሚቃጠለው መጠን ይበዛል። በሞቃት አገር ስኳሩ በፍጥነት ይደርሳል፣ አሲዱም በዚያው ፍጥነት ይጠፋል፤ መዓዛው ግን ለመፈጠር ጊዜ ስለሚፈልግ ወደ ኋላ ይቀራል። በቀዝቃዛ አገር፣ በተለይም ቀኑ ደማቅ ሆኖ ሌሊቱ በሚበርድበት ረጅም መጸው፣ ስኳሩ ቀስ እያለ ሲወጣ አሲዱ ሳይባክን ይቆያል፤ መዓዛውም ሁለቱን ይደርስባቸዋል። ሪስሊንግ በተፈጥሮው አሲዱ የበዛና አብዛኛውም ሙቀት በቀላሉ የማያጠፋው ታርታሪክ የተባለው አሲድ ነው። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ በስሎም አሲዱን አይጥልም። በአንድ ሊትር ወይን ጠጅ ውስጥ ከ7 እስከ 9 ግራም አሲድ መገኘቱ ለእርሱ የተለመደ ነው።

መዓዛው ከቆዳውና ከፍሬው የሚመጣ ነው። ተርፒን የተባሉት፣ በአበቦች ውስጥም የሚገኙት ቅመሞች በሪስሊንግ ፍሬ ውስጥ ስላሉ፣ ወጣቱ ወይን ጠጅ የአበባ፣ የሎሚ፣ የአረንጓዴ ፖም ሽታ አለው፤ በበሰለ ዓመት ደግሞ ወደ ኮክና ማር ያደላል። ይህን መዓዛ ላለመሸፈን ጥሩ ጠማቂዎች አዲስ የኦክ እንጨት በርሜል አይጠቀሙም። በሞዘል ለዘመናት ያገለገለው ፉደር የሚባል፣ 1,000 ሊትር ገደማ የሚይዝ አሮጌ በርሜል ነው፤ አሮጌ በመሆኑ የእንጨት ጣዕም አይሰጥም። ሌሎች በብረት ጋን ይጠምቁታል። ሪስሊንግ እንዲህ ያለ ልብስ ሳይደረብለት የሚቀርብ ወይን ጠጅ ነው። ይህ በመሆኑም የመሬቱና የዓመቱ ጠባይ፣ የጠማቂውም ስህተት፣ በግልጽ ይታይበታል።

ጀርመን ውስጥ ወደ 24 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ መሬት በሪስሊንግ ተሸፍኗል፤ ይህም ከአገሪቱ የወይን መሬት ሩብ ያህሉ፣ በዓለም ካለው ሪስሊንግም 40 በመቶ ገደማ ነው። ፋልትስ፣ ራይንሄሰን፣ ራይንጋውና ናሄ የተባሉት የወይን አካባቢዎች የየራሳቸው ወግ አላቸው፤ ነገር ግን ዝርያውና አገሩ እንዴት እንደተዋደዱ ለማሳየት ከሞዘል የተሻለ ቦታ የለም። ሞዘል ወንዝ ከትሪር ከተማ እስከ ኮብሌንስ ድረስ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ መታጠፊያ ላይ ወደ ደቡብ የሚያይ ገደል ይገኛል። ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 50 ዲግሪ ኬክሮስ አካባቢ ስለሆነ በመጸው ፀሐይዋ ከአድማስ ብዙም አትወጣም። በሜዳ ላይ እንዲህ ያለ አግድም የሚመጣ ብርሃን ተበትኖ ይደክማል፤ ወደ ደቡብ ባዘመመ ቀጥ ያለ ተዳፋት ላይ ግን ፊት ለፊት ያርፋል። ወንዙ ከታች ሆኖ ብርሃኑን ያንጸባርቃል፣ ቀን የያዘውንም ሙቀት በሌሊት ይለቃል።

መሬቱን የሸፈነው እንደ መጽሐፍ ገጽ እየተላጠ የሚሰነጠቅ ጥቁር ግራጫ ድንጋይ ነው። ከሰዓት በኋላ በእጅ ሲነኩት ይፋጃል፤ ፀሐይ ከገባች በኋላም ለሰዓታት ሙቀቱን ወደ ዘለላዎቹ ይተነፍሳል፤ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ውኃውን በስንጥቆቹ ያሳልፈዋል። ብሬም በምትባለው መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት በአውሮፓ ካሉት እጅግ ቀጥ ያሉ የወይን ተዳፋቶች አንዱ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 65 ዲግሪ ያዘመመ ነው። እዚያ ትራክተር መግባት አይችልም። በሞዘል በጥንቱ አያያዝ እያንዳንዱ ሐረግ ለብቻው ከተተከለ አንድ የእንጨት ምሰሶ ጋር ይታሰራል፤ ሁለት ቅርንጫፎቹ ከላይ ወደ ታች ተቆልምመው ሲታሰሩ የልብ ቅርጽ ይሠራሉ። ሠራተኛው በረድፎቹ መካከል እየተንሸራተተ፣ ዝናብ ያወረደውን ድንጋይ ተሸክሞ ወደ ላይ እየመለሰ፣ ሙሉ ዓመቱን በእጁ ይሠራል። ለዚህ ድካም ተመጣጣኝ ዋጋ የሚያስገኝ ዝርያ ባይኖር ኖሮ እነዚህ ገደሎች ዛሬ የቁጥቋጦ መሬት በሆኑ ነበር።

ወደ ምንጩ እንሂድ። ስለ ሪስሊንግ የሚታወቀው ጥንታዊ የጽሑፍ ማስረጃ ታላቅ ግጥም ወይም የንጉሥ አዋጅ ሳይሆን የወጪ ሂሳብ ነው። መጋቢት 13 ቀን 1435 የካትሰንኤልንቦገን ጌታ የነበረው ዮሐን አራተኛ፣ በራይን ወንዝ አቅራቢያ ባለችው ሩሰልስሃይም ላይ ለነበረው የወይን ቦታው የሪስሊንግ ችግኝ መግዣ 22 ሽልንግ ወጪ መደረጉ በመዝገብ ሰፍሯል። ጸሐፊው ሊያስታውሰው የፈለገው ገንዘቡን ብቻ ነበር፤ ያቺ አንዲት መስመር ግን ዝርያው በዚያን ጊዜ በስም ተለይቶ የሚታወቅ፣ ሰው ዋጋ ከፍሎ የሚፈልገው እንደነበረ ታስረዳናለች። ጀርመኖች እስካሁን መጋቢት 13ን የሪስሊንግ የልደት ቀን እያሉ ያከብሩታል። የስሙ ትርጉም ግን አከራካሪ ነው። አንዳንዶች አበባው በብርድ ጊዜ ከመርገፉ ጋር፣ ሌሎች ደግሞ አሲዱ አፍን ከመቧጠጡ ጋር የተያያዘ የጀርመንኛ ግስ ያነሳሉ፤ ኦስትሪያውያን በበኩላቸው በቫኻው ሸለቆ ሪትስሊንግ የሚባል ትንሽ ወንዝ ስላለ ስሙ ከእኛ ነው ይላሉ። በእኔ ግምት የጽሑፉ ማስረጃ የሚያደላው ወደ ራይን ነው።

መዝገቡ የማይነግረንን የዘር ምርመራ ነግሮናል። በአማርኛ ትውልድን «የዘር ሐረግ» ማለታችን ለዚህ ተክል ቃል በቃል ይሠራል። የወይን ዝርያ የሚባዛው በዘሩ ሳይሆን እንደ ሸንኮራ አገዳ ቅርንጫፉ ተቆርጦ በመተከሉ ነው። ስለዚህ ዛሬ በዓለም ላይ ያለው የሪስሊንግ ሐረግ ሁሉ፣ በመካከል የተፈጠሩ ጥቃቅን ለውጦች ሳይቆጠሩ፣ አንድ ጊዜ ከአንዲት ዘር የበቀለች የአንዲት ተክል አካል ነው። ያቺ ዘር ግን እንደማንኛውም ዘር ሁለት ወላጆች ነበሯት። የዘር ውርስ የተጻፈባቸው ሰንሰለቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስለሚገኙ፣ ልጅ ከእያንዳንዱ ጥንድ ግማሹን ከአንዱ ወላጅ፣ ግማሹን ከሌላው ይወስዳል። ተመራማሪዎች በሰንሰለቱ ላይ የተመረጡ ቦታዎችን አንድ በአንድ እያነጻጸሩ፣ በሁሉም ቦታ ግማሹ ከተጠረጠረው ወላጅ ጋር የሚገጥም ከሆነ ዝምድናውን ያረጋግጣሉ፤ በተደጋጋሚ የማይገጥም ከሆነ ወላጅነቱን ውድቅ ያደርጋሉ። ይህን ሥራ በ1998 ይፋ ያደረገው ፈርዲናንድ ሬግነር የተባለው ኦስትሪያዊ ተመራማሪ ሲሆን፣ ከሪስሊንግ ወላጆች አንዱ ነጭ ሆይኒሽ፣ በፈረንሳይ ጉዌ ብላን የሚባለው ዝርያ ሆኖ ተገኘ።

ይህ ግኝት የሚያስደንቀው ሆይኒሽ በዘመኑ የተናቀ በመሆኑ ነው። በመካከለኛው ዘመን ጀርመን የወይን ዝርያዎች በሁለት ይከፈሉ ነበር፤ የተከበሩት «የፍራንኮች»፣ ተራዎቹ ደግሞ «የሁኖች» ይባላሉ፤ ሆይኒሽ የሚለው ስም የሁለተኛው ወገን መጠሪያ ነው። ገበሬው የሚወደው ብዙ ስለሚያፈራና በክፉ መሬት ላይም ስለሚበቅል ነበር፤ የሚሰጠው ወይን ጠጅ ግን ቀጭንና በጣም ጎምዛዛ ስለነበረ በጌቶች ማዕድ አይቀርብም። ያ ማንም ያላመሰገነው ጉምዛዜ ግን ወደ ልጁ ሲሻገር ከሌላ ወገን ከመጣ መዓዛ ጋር ተገናኘ። የሁለተኛው ወላጅ ማንነት እንደ መጀመሪያው አልተቋጨም፤ ተመራማሪው ያቀረበው ሐሳብ ትራሚነር ከተባለው መዓዛማ ዝርያና በራይን ዳር ጫካ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ከሚያድግ የዱር ወይን የተገኘ ዲቃላ ነው የሚል ነው። ከትራሚነር ጋር ያለው ዝምድና መዓዛውን፣ የዱሩ ደም ደግሞ ደቃቅ ፍሬውን፣ ጠንካራ እንጨቱንና ብርድ መቻሉን ለማብራራት ስለሚመች ሐሳቡ ይማርከኛል።

ሆይኒሽ የብዙዎች ወላጅ ነው። ፒኖ ከተባለው ዝርያ ጋር ተዳቅሎ ቻርዶኔና ጋሜ የተባሉትን ዝርያዎች አስገኝቷል። እንግዲህ ሪስሊንግና ቻርዶኔ በአንድ ወላጅ የሚገናኙ የእንጀራ ወንድማማቾች መሆናቸው ነው። በእኛው ስምጥ ሸለቆ፣ በዝዋይ የሚመረተውን ቻርዶኔ የቀመሰ ኢትዮጵያዊ፣ ሳያውቀው የሪስሊንግን የቅርብ ዘመድ ቀምሷል ማለት ነው። ሁለቱን የሚለያያቸው ጠባይም በዚሁ ይታያል፤ ቻርዶኔ ሙቀትንም ብርድንም፣ በርሜልንም ብረትንም ተቀብሎ የጠማቂውን ፈቃድ የሚከተል ሲሆን፣ ሪስሊንግ ግን የሚስማማው ቦታ ውስን ነው፤ ሙቀት ሲበዛበትም መዓዛው ይደበዝዛል።

ይህ ዝርያ ከገበሬው ድብልቅልቅ ማሳ ወጥቶ ለብቻው እንዲተከል ያደረጉት በአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ባለርስቶች ናቸው። የፉልዳ ገዳም አበምኔትና መስፍን በራይንጋው የሚገኘውን ዮሐኒስበርግን ከያዘ በኋላ በ1720 እና በ1721 ወደ 294 ሺህ የሪስሊንግ ችግኞች አስተከለ። በዚያ ዘመን በአንድ ማሳ ላይ ቀይና ነጭ፣ ቀዳሚና ዘግይቶ ደራሽ ዝርያዎች ተደባልቀው ይተከሉና በአንድ ቀን ይለቀሙ ስለነበር፣ ዘግይቶ የሚበስለው ሪስሊንግ ሁልጊዜ ጥሬውን ይቆረጥ ነበር። ለብቻው ሲተከል ግን በራሱ ጊዜ ሊለቀም ቻለ፤ እውነተኛ ጠባዩም ያኔ ተገለጠ። የትሪር ሊቀ ጳጳስ ክሌመንስ ቬንስስላውስም በግንቦት 1787 በግዛቱ ያሉ መናኛ ሐረጎች በሰባት ዓመት ጊዜ ውስጥ ተነቅለው በጥሩ ዝርያ እንዲተኩ አዘዘ፤ የሞዘል ሪስሊንግ መስፋፋት ከዚህ ትእዛዝ ጋር ይያያዛል።

ስለ ዮሐኒስበርግ የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። መልቀም የሚጀመረው አበምኔቱ በፉልዳ ሆኖ ፈቃድ ሲሰጥ ነበር፤ ፈቃዱን ለማምጣትም ፈረሰኛ ይላካል። በ1775 መልእክተኛው ከተጠበቀበት ቀን ብዙ ዘግይቶ ተመለሰ፤ በዚህ መካከል ፍሬው ሻግቶና ተጨማዶ ነበር። መነኮሳቱ ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ያንኑ ለቅመው ጠመቁት፤ በሚቀጥለው ጸደይ ሲቀመስ ከዚያ በፊት የማያውቁት ጣፋጭ ወይን ጠጅ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ የፈረሰኛው ሐውልት በግቢው ውስጥ ቆሟል። ሻጋታ በፍሬ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚያደርግ ሌሎች ወይን ጠማቂ አገሮችም ያውቁ ነበር፤ በራይን ዳር ግን አዘግይቶ መልቀም እንደ ሥርዓት የተያዘው ከዚህ በኋላ ነው። በጀርመንኛ ዘግይቶ የተለቀመ ማለት የሆነው ሽፔትሌዘ የሚለው መጠሪያም ከዚሁ ጋር ተያይዞ ይነሳል።

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ስለሆነ የጣፋጭነቱን ነገር ረጋ ብለን እንየው። ጠጅ የሚጥል ቤት ያደገ ሰው መሠረቱን ያውቀዋል። ብርዙ ሲጣል ጣፋጭ ነው፤ እርሾው ማሩን እየበላ ወደ አልኮል ሲለውጠው ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ሙሉ በሙሉ ሲበላው ደረቅ ጠጅ ይሆናል። በወይንም እንዲሁ ነው። እርሾው ሥራውን ሳይጨርስ ካቆመ በመጠጡ ውስጥ ስኳር ይቀራል፣ አልኮሉም ዝቅተኛ ይሆናል። በሞዘል ጭማቂው ወደ ጓዳ የሚገባው በኅዳር ብርድ ስለነበር እርሾው በመካከሉ ይደነዝዝ ነበር፤ ዛሬ ጠማቂዎች ጋኑን አቀዝቅዘውና እርሾውን አጣርተው በፈለጉበት ቀን ያቆሙታል። በሌላ ዝርያ እንዲህ የቀረ ስኳር መጠጡን እንደ ሽሮፕ ያከብደዋል። በሪስሊንግ ግን አሲዱ ስኳሩን ይሸከመዋል፤ የሎሚ ጭማቂ ላይ ስኳር ሲጨመር ሎሚውም ስኳሩም እንደሚያምሩት ማለት ነው። በአንድ ሊትር 40 ግራም ስኳር ያለው የሞዘል ሪስሊንግ አፍ ላይ ቀላልና ጥም ቆራጭ ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በጠርሙሱ ላይ የሚጻፉት ቃላት ደግሞ ሌላ ነገር ይለካሉ። በ1971 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የጀርመን የወይን ጠጅ ሕግ ከፍተኛውን ደረጃ ካቢኔት፣ ሽፔትሌዘ፣ አውስሌዘ፣ ቤረንአውስሌዘ፣ ትሮክንቤረንአውስሌዘና አይስቫይን በሚሉ መጠሪያዎች ከፍሎታል። መለኪያው ፍሬው በተለቀመበት ጊዜ በጭማቂው ውስጥ የነበረው ስኳር ነው፤ የሚለካውም በፎርትስሃይም ይኖር በነበረው በፈርዲናንድ ኤክስለ ስም በሚጠራ መስፈርት ነው። አንድ ሊትር ጭማቂ ከአንድ ሊትር ውኃ በስንት ግራም እንደሚከብድ የሚነግር ቁጥር ነው፤ 80 ኤክስለ ማለት ጭማቂው በ80 ግራም ይከብዳል ማለት ነው። ስለዚህ ሽፔትሌዘ የሚለው ቃል ፍሬው ምን ያህል እንደበሰለ ይናገራል እንጂ በጠርሙሱ ውስጥ ምን ያህል ስኳር እንደቀረ አይናገርም። ሽፔትሌዘ ሆኖ ፍጹም ደረቅ የሆነ ወይን ጠጅ አለ። ደረቅነቱን የሚናገረው ትሮክን የሚለው ቃል ነው፤ ሃልፕትሮክን ማለት ከፊል ደረቅ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ገዢው በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን የአልኮል መጠን ይመልከት። 8 ወይም 9 በመቶ ከሆነ እርሾው ብዙ ስኳር ሳይበላ ቀርቷል፤ ከ12 በላይ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ በልቶታል። ሕጉ ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጠርሙስ ላይ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማብራሪያውን ለገዢው መተዉ ለዝርያው ስም የማይበጅ ጉዳት አድርሷል ብዬ አስባለሁ።

ከመጠሪያዎቹ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ በየዓመቱ የማይገኙ ናቸው። ቤረንአውስሌዘና ትሮክንቤረንአውስሌዘ የሚጠመቁት ክቡር ሻጋታ ከሚባለው ፈንገስ ሥራ ነው። ጠዋት ከወንዙ የሚነሳ ጉም ፈንገሱን ያነቃዋል፤ ከሰዓት በኋላ ደረቅ ፀሐይ ስትወጣ ደግሞ መስፋፋቱን ትገታዋለች። ፈንገሱ ቆዳውን በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች ይበሳዋል፣ ውኃው ይተናል፣ ፍሬው ወይን ጠጅማ ቡናማ ሆኖ እንደ ዘቢብ ይጨማደዳል፤ ስኳሩም አሲዱም መዓዛውም በውስጡ ተከማችተው ይቀራሉ። ለቃሚው በእጁ በያዘው ዘለላ ላይ የደረቁትን ከእርጥቦቹ አንድ በአንድ እየለየ መንቀል አለበት። አይስቫይን ሻጋታ አይፈልግም፤ የሚፈልገው ጤነኛ ፍሬ በሐረጉ ላይ እንዳለ ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ የሚያቀዘቅዝ ሌሊት ነው። ሠራተኞች ሳይነጋ መብራት ይዘው ይወጣሉ፤ ጠጠር የሆነው ፍሬ ሳይቀልጥ ይጨመቃል፤ ውኃው በረዶ ሆኖ በመጭመቂያው ውስጥ ሲቀር ወፍራሙ ጭማቂ ብቻ ይንጠባጠባል።

አሲዱ ሌላም ስጦታ አለው፤ ዕድሜ ይሰጣል። ብዙ ነጭ ወይን ጠጆች በሦስትና በአራት ዓመት ሲደክሙ ጥሩ ሪስሊንግ አሥርና ሃያ ዓመት፣ ጣፋጮቹም ከዚያ የበለጠ ይቆያሉ። ዕድሜ ሲጠግብ ቀለሙ ወደ ወርቅ ይሄዳል፣ ስኳሩ ሳይቀንስ ጣፋጭነቱ የለዘበ ይመስላል፣ አንድ ለእንግዳ ሰው የሚያስደነግጥ ሽታም ይመጣል፤ የላምባ ሽታ። ይህ ብልሽት አይደለም። በፍሬው ቆዳ ውስጥ ያሉት፣ ካሮትን ብርቱካናማ ከሚያደርጉት ቀለሞች ወገን የሆኑ ቅመሞች በዓመታት ውስጥ በአሲዱ ምክንያት ሲፈርሱ የሚፈጠር ነገር ነው። ሪስሊንግ ከሌሎች ዝርያዎች የበለጠ ያፈራዋል፤ ፍሬው ቀጥተኛ ፀሐይ ካገኘው መጠኑ ይጨምራል። በልኩ ሲሆን ከማርና ከደረቀ ኮክ ሽታ ጋር ተዋሕዶ ያምራል፤ ከልኩ ሲያልፍ ደግሞ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የራይንና የሞዘል ሪስሊንግ በአውሮፓ ገበታዎች ከታላላቆቹ የቦርዶ ወይን ጠጆች እኩል፣ አንዳንዴም በላይ ይሸጥ ነበር። ከዚያ ከፍታ ያወረደው ነገር ውስጥ የገዛ ልጁ ድርሻ አለበት። በ1882 በጋይዘንሃይም ይሠራ የነበረው፣ ከስዊዘርላንድ ቱርጋው የመጣው ሄርማን ሙለር ሪስሊንግን ከሌላ ዝርያ ጋር አዳቅሎ ሙለር ቱርጋው የሚባለውን ፈጠረ። ዓላማው የሪስሊንግን ጣዕም ከቀዳሚ መብሰል ጋር ማዋሐድ ነበር፤ ሁለተኛው ወላጅ ዚልቫነር ነው ተብሎም ለብዙ አሥርት ዓመታት ታምኖ ኖረ። የዘር ምርመራ ግን ማድሌን ሮያል የተባለ፣ ፍሬው ለመብል የሚውል ዝርያ መሆኑን አሳየ። ልጁ ቶሎ ይበስላል፣ ብዙ ያፈራል፣ በሜዳም ይበቅላል፤ የወላጁ የሪስሊንግ አሲድ ግን የለውም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የተተከለው ሄክታር ከሪስሊንግ በልጦ፣ ሊብፍራውሚልኽ በሚል ስም ርካሽና ልፍስፍስ ያለ ጣፋጭ ሆኖ በዓለም ገበያ ተበተነ። ሸማቹም የጀርመን ነጭ ወይን ጠጅ ሁሉ እንዲሁ ነው ብሎ ደመደመ። ሪስሊንግ በአገሩ ቀዳሚነቱን ያስመለሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። ስሙን የሚሻሙትም አሉ፤ በኦስትሪያና በምሥራቅ አውሮፓ ቬልሽሪስሊንግ የሚባለው ዝርያ ከሪስሊንግ ጋር ምንም ዝምድና የለውም።

ዛሬ አገሩ እየሞቀ ነው። የዛሬ ሰባና ሰማንያ ዓመት የሞዘል ገበሬ በአሥር ዓመት ውስጥ ፍሬው በሚገባ የሚበስልበትን ጥቂት ዓመት ይለምን ነበር፤ አሁን ፍሬው በየዓመቱ ይበስላል፣ መልቀሙም በሳምንታት ቀድሟል። ለደረቅ ወይን ጠጅ ይህ በአንድ በኩል በረከት ሆኗል። በሌላ በኩል ግን ፍሬው በነሐሴ ፀሐይ መቃጠሉ፣ አሲዱም ከመዓዛው በፊት መውረዱ ቀድሞ የማይታወቅ ጭንቀት አምጥቷል። የ2019 ምርትን የተከተለው ክረምት ሲያልፍ፣ በጀርመን የወይን አካባቢዎች በአንዱም አይስቫይን ለመልቀም የሚበቃ ብርድ ሳይመጣ ቀረ፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲመዘገብ የመጀመሪያው ነበር። ጠማቂዎች ቅጠሉን በማራገፍ ፈንታ ለፍሬው ጥላ እንዲሆን እየተዉት ነው። የዛር ወንዝ ዳርቻን የመሳሰሉ፣ አያቶቻቸው በአብዛኛው ዓመት ፍሬው ጥሬ ሆኖ የሚቀርባቸው እያሉ ያማርሯቸው የነበሩ ነፋሻማ ሸለቆዎች አሁን ተፈላጊ ሆነዋል፤ ዱር ውጧቸው በነበሩ የጎን ሸለቆዎችም አዳዲስ ምሰሶዎች እየተተከሉ፣ ሪስሊንግ እንደገና ብርድን ፍለጋ ወደ ላይ እየወጣ ነው።